የጠላቂዎች ሥልጠና ደኅንነትና የወለጋ ደጋ ውሃዎች

የስኩባ ጠላቂ የታመቀ አየር የተሞላ ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ፣ በአፉ በያዘው ሬጉሌተር እየተነፈሰ ውሃ ውስጥ ይቆያል። መሣሪያውን በ1943 እ.ኤ.አ. የሠሩት ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ናቸው። ሬጉሌተሩ አየሩን የሚሰጠው ከዙሪያው ግፊት ጋር አመጣጥኖ ነው፤ ስለዚህ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚሳበው አየር የበለጠ የታመቀ ይሆናል። የሥልጠና አደጋ በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

በብዛት የሚያጋጥመው የጆሮ ጉዳት ነው። ሠልጣኙ ሲወርድ አፍንጫውን ይዞ በቀስታ አየር ወደ ጆሮው ካልገፋ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይለጠጣል። ሕመም ሲሰማ ትንሽ ወደ ላይ መመለስ እንጂ ታግሎ መውረድ አይገባም። ጉንፋን የያዘው ሰው በዚያ ቀን ባይጠልቅ ይሻላል።

የሚገድለው ግን አወጣጥ ነው። ጭንብሉ ውስጥ ውሃ የገባበት ጀማሪ ይደናገጥና ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ይስፈነጠራል። መውጫ ያጣው አየር እየሰፋ የሳንባን ከረጢቶች ይቀድዳል፤ አረፋው ደም ውስጥ ገብቶ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ሳንባ ሙሉ ከሆነ ለዚህ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት ይበቃል፤ «ገንዳ ነውና ምን ይደርሳል» ማለት አደገኛ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሠልጣኙ በገንዳው ወለል ተንበርክኮ ሬጉሌተሩን ከአፉ አውጥቶ እስኪመልስ ድረስ ከከንፈሩ ቀጭን አረፋ ሳይቋረጥ መውጣት አለበት። ጥሩ አሠልጣኝ ዓይኑን የሚተክለው በዚያ አረፋ ላይ ነው።

ሌላው አደጋ ናይትሮጅን ነው። በግፊት ሰውነት ውስጥ የሟሟው ጋዝ ጠላቂው ፈጥኖ ሲወጣ በደምና በመገጣጠሚያ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ይህን ለመከላከል የሚያገለግሉት የተለመዱ የጥልቀት ሠንጠረዦች የተሰሉት ለባሕር ጠለል ስለሆነ የወለጋ ደጋ የራሱ ስሌት ያስፈልገዋል። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ፣ የጮመንን ረግረግ ውጦ በ1973 እ.ኤ.አ. የተፈጠረው የፊንጫ ግድብ ሐይቅ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ 77 በመቶ ግድም ነው። በባሕር ግፊት እጥፍ የሚሆነው በ10 ሜትር ሲሆን በፊንጫ ግን በ8 ሜትር ገደማ ነው፤ የ18 ሜትር ጠለቃም በሠንጠረዡ ላይ እንደ 23 ሜትር ይቆጠራል። ከቀይ ባሕር ዳርቻ የመጣ አሠልጣኝም ሰውነቱ ከከፍታው ጋር እስኪላመድ ሰዓታት መጠበቅ ይኖርበታል።

በእንዲህ ያለ የግድብ ውሃ ላይ ሌላም ችግር ይደረባል። ጎርፍ ያመጣው ደለል እይታን ይጋርዳል፤ የረግረግ ሣርና ሥር ቱቦና ማሰሪያ ይይዛል። ስለዚህ ሠልጣኝ ከጓዱ የክንድ ርቀት መለየት የለበትም፣ ቢላዋም መያዝ አለበት። ወደ ላይ ሲወጣ በደቂቃ ከ9 ሜትር እንዳይበልጥ፣ 5 ሜትር ላይም ሦስት ደቂቃ እንዲቆም ይመከራል።

የተጎዳ ሰው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተጋድሞ ንጹሕ ኦክስጅን መሳብ አለበት፤ ፈውሱ ዳግም ግፊት የሚሰጥ የሕክምና ክፍል ነው። ከፊንጫ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ከሐይቁ ከፍታ በላይ የሚወጣባቸው ቦታዎች አሉት፤ ከፍታ ደግሞ አረፋውን ያሰፋል። ኦክስጅኑ መንገዱን ሙሉ የሚበቃ መሆኑና መድረሻው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ማንም ሠልጣኝ ውሃ ሳይገባ በፊት ነው።