ሽታን ማጥፋትና አየርን መጠበቅ

እኛ የባሌ ደጋ ሰዎች ብርድ እናውቃለን። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ አለ። በዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ዝናቡም በበልግና በክረምት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል።

ስለዚህ በርና መስኮት ዘግተን እናድራለን። ጥጃና በግ ከእኛ ጋር ያድራሉ። እሳት በቤት ውስጥ ይነዳል። እርጥብ ጋቢና ብርድ ልብስ በቤት ውስጥ ይሰጣል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ቤታችን ይሸታል።

ሽታን ለማጥፋት ብዙ መንገድ አለ። አንዳንዱ ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። አንዳንዱ አዲስ ነው። በአሁኑ ጊዜ በኤሌክትሪክ ሽታን የሚያጠፋ መሣሪያ አለ። የኦዞን መሣሪያ ይባላል። በልዩ ልዩ አገር የሆቴል፣ የመኪና እጥበትና የጽዳት ሠራተኞች ይጠቀሙበታል። ልጆቻችን በከተማ በጽዳት ሥራ ሲቀጠሩ ይህ መሣሪያ በእጃቸው ሊገባ ይችላል። አንድ የጽዳት ማኅበርም ልግዛው ሊል ይችላል።

ታዲያ ከመግዛትና ከመጠቀም በፊት ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ሽታን የሚያጠፋ ነገር ሁሉ ለሳንባ ደግ አይደለም። ሽታ የሌለው አየር ሁሉም ንጹሕ አይደለም። ሁለቱንም በዚህ ጽሑፍ እንማራለን።

ሽታ ምንድን ነው?

ሽታ ያለ ምክንያት አይመጣም። ከሚሸተው ነገር ላይ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ቅንጣት ይነሣል። ከአየር ጋር ሆኖ ወደ አፍንጫችን ይገባል። ያን ጊዜ ይሸተናል።

የከብት ሽንት መሬት ላይ ሲቆይ ጥቃቅን ተሐዋስያን ይሰባብሩታል። አሞኒያ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ጠዋት ጋጣ ስንገባ ዓይናችንን የሚያቃጥለን እሱ ነው። እርጥብ ግድግዳ ሻጋታ ያወጣል። የሞተ አይጥ በጣራው ሣር ውስጥ ይበሰብሳል። የጢስ ጥቀርሻና የትንባሆ ጢስ በግድግዳና በልብስ ላይ ይጣበቃሉ።

እንግዲህ ሽታ ነጋሪ ነው። «እዚህ ቦታ የበሰበሰ ወይም የቆሸሸ ነገር አለ» ብሎ ይነግረናል። ነጋሪውን ብቻ ዝም ማሰኘት አይጠቅምም። የነገረንን ነገር ፈልገን ማግኘት አለብን።

መጀመሪያ ምንጩን ማስወገድ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ሽታም እንዲሁ ነው፤ ሳይብስ ከምንጩ መያዝ ይሻላል። እንዲህ እናድርግ፦

1. የሚሸተውን ቦታ እንፈልግ። ጥጉን፣ የአልጋውን ሥር፣ የእህል ጎተራውን ሥር እንይ።
2. ፍግና እርጥብ ገለባ በየቀኑ ይጠረግ። ሽንት የፈሰሰበት ቦታ ላይ አመድ ይነስነስ። አመድ እርጥቡን ይመጥጣል።
3. ጋቢ፣ ብርድ ልብስና አጎዛ ፀሐይ ይምታቸው። ፀሐይና ነፋስ ገንዘብ አይጠይቁም።
4. ግድግዳና ወለል በሳሙና ይታጠብ። በረኪና ብንጠቀም ብቻውን በውኃ እንበጥብጠው። ከሌላ ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ መርዛም ጋዝ ሊወጣው ይችላል።
5. ከብት ከሰው ተለይቶ ይደር። አቅም ሲፈቅድ ጋጣው ለብቻው ይሠራ።
6. በርና መስኮት ቀን ቀን ይከፈት። ብርዱ ቢከብድም ለጥቂት ጊዜ መክፈት አየሩን ይለውጣል።

ይህን ስናደርግ አብዛኛው ሽታ ይጠፋል። መሣሪያም አያስፈልገንም።

ጢስና ዕጣን

እናቶቻችን የወተት ዕቃን በወይራ ጢስ ያጥናሉ። ይህ ጥሩ ጥበብ ነው። የወይራ ጢስ ለወተቱ ጥሩ ጠረን ይሰጠዋል። ወተት የሚያበላሹትንም ተሐዋስያን ያዳክማል። ልብ በሉ፤ ዕቃው መጀመሪያ ይታጠባል፤ ከዚያ ይታጠናል። ያልታጠበ ዕቃ ቢታጠን ወተቱ ይበላሻል። እናቶቻችን ምንጩን ማስወገድ እንደሚቀድም ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ዕጣን ግን ሌላ ነው። ዕጣን ቤቱን ጥሩ ያሸታል እንጂ መጥፎውን ሽታ አያወጣውም። ይሸፍነዋል። የዕጣኑ ጢስ ሲያልቅ የቀድሞው ሽታ ተመልሶ ይመጣል።

ኦዞን ምንድን ነው?

የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ኦክሲጅን የሚባል ጋዝ አለ። ከመቶው የአየር እጅ 21 ያህሉ እሱ ነው። ሕይወታችን በእሱ ይቆማል። የኦክሲጅን ቅንጣቶች እንደ በሬ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጠመዳሉ። ሁለት ሁለት ሲሆኑ ሰላም ናቸው።

ኃይለኛ ኤሌክትሪክ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ግን ጥንዱ ይፈታል። አንዱ ሄዶ ከሌላ ጥንድ ጋር ይጠመዳል። ሦስት ይሆናሉ። ይህ ሦስትዮሽ ኦዞን ይባላል። ሦስት በሬ በአንድ ቀንበር ሥር አይስማማም አይደል? ሦስተኛው ቶሎ ይለያል፤ ያገኘውንም ነገር ይይዛል። የሽታ ቅንጣት ካገኘ ይሰባብረዋል። ሽታው የሚጠፋው በዚህ ነው።

መብረቅ ከወረደ በኋላ አንዳንድ ጊዜ አፍንጫን ስል የሚያደርግ ሽታ ይሸተናል። እሱ ኦዞን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሾንባይን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በስዊስ አገር፣ በባዝል ከተማ በኤሌክትሪክ ሲመራመር ይህን ሽታ ለየው። «ኦዞን» የሚለውንም ስም ያገኘው መሽተት ከሚል የግሪክ ቃል ነው።

ከምድር ርቆ፣ በሰማይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ብዙ ኦዞን አለ። እሱ የፀሐይን ጎጂ ጨረር ይከለክልልናል። በሰማይ ሲሆን ይጠብቀናል። በቤት ውስጥ ሲሆን ግን ይጎዳናል። ለምን ቢባል ሦስተኛው ቅንጣት የሽታንና የሳንባን ሥጋ አይለይም። ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ያስላል፤ ደረትን ያፍናል። አስም ያለበትን ሰው፣ ሕፃንንና ሽማግሌን አብልጦ ይጎዳል።

እስቲ እናስላ

ስንት ኦዞን ይበዛል? በአሜሪካ አገር የሥራ ደህንነት ደንብ መሠረት ሠራተኛ በ8 ሰዓት የሥራ ጊዜ የሚተነፍሰው አየር፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ በአማካይ ከ0.2 ሚሊግራም በላይ ኦዞን ሊኖረው አይገባም። አንድ ሚሊግራም የግራም አንድ ሺኛ ነው።

አንድ ክፍል ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ነው እንበል።

4 × 4 × 2.5 = 40 ሜትር ኩብ
40 × 0.2 = 8 ሚሊግራም

ስለዚህ በዚህ ክፍል ውስጥ ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦዞን ካለ ልኩ አልፏል።

አሁን በሰዓት 5,000 ሚሊግራም የሚያወጣ መሣሪያ አስገባንበት እንበል።

5,000 ÷ 60 = 83 ሚሊግራም በደቂቃ

በአንድ ደቂቃ ብቻ ልኩን ዐሥር ጊዜ ያህል አለፈ ማለት ነው። እንግዲህ መሣሪያው ሲሠራ ሰው በክፍሉ ውስጥ መቆየት የለበትም። «አየር ያጠራል» ተብሎ የተኛ ሕፃን አጠገብ ማብራት ትልቅ ጥፋት ነው።

መሣሪያውን ስንመርጥ

የጽዳት ሥራ የሚሠራ ሰው ወይም ማኅበር መሣሪያውን ሲገዛ እነዚህን ይመልከት፦

1. በሰዓት ስንት ሚሊግራም እንደሚያወጣ ተጽፎበታል? ካልተጻፈበት አይገዛ።
2. በራሱ ጊዜ የሚያጠፋው የሰዓት መቁጠሪያ አለው? ይህ ከሌለው ሰው ለማጥፋት ወደ ክፍሉ ሊገባ ነው። ስለዚህ ይቅር።
3. ለአገራችን ኤሌክትሪክ፣ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው?
4. ኦዞኑን የሚያወጣው ሳህን ሊጸዳና ሊለወጥ ይችላል? መለወጫው ይገኛል?
5. ሻጩ ምን ይላል? «ሰው እያለበት አብራው፤ በሽታም ይፈውሳል» ካለን አንመነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ብዙ ኦዞን የሚያወጡ የቤት አየር ማጽጃዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ እንዳይሸጡ ተከልክለዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። የእኛ አገር አየር በከፍታው ምክንያት የሳሳ ነው። በዝናብ ወራትም እርጥብ ነው። በሳሳና በእርጥብ አየር መሣሪያው ከተጻፈበት ያነሰ ኦዞን ሊያወጣ ይችላል። ይህ ግን ጥንቃቄን አይቀንስም። ግማሹን ቢያወጣ እንኳ በአንድ ደቂቃ ልኩን ያልፋል።

መሣሪያውን ስንጠቀም

1. ክፍሉ አስቀድሞ ይጠረግ፤ ይታጠብ፤ ይድረቅ። ኦዞን ፍግ አይጠርግም፤ የሞተ አይጥም አያወጣም።
2. ሽቶና ጥሩ መዓዛ ያለው ማጽጃ አይረጭ። ኦዞን ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ ሌላ ጎጂ ጋዝ ይፈጠራል።
3. ሰው፣ እንስሳ፣ ምግብና ተክል ከክፍሉ ይውጡ። ጎማና ላስቲክም ይውጡ፤ ኦዞን ያደርቃቸዋል፤ ይሰነጥቃቸዋል።
4. መስኮቱ ይዘጋ። ወደ ሌላ ክፍል የሚያሳልፍ ቀዳዳም ይደፈን።
5. የሰዓት መቁጠሪያው ይሞላ። ሠራተኛው ወዲያው ወጥቶ በሩን ይዝጋ።
6. በሩ ላይ በትልቁ «አትግቡ፤ አደገኛ ጋዝ አለ» ተብሎ ይጻፍ። ማንበብ መቻላችን እዚህ ላይ ነፍስ ያድናል። ማንበብ ለማይችልም በቃል ይነገር፤ በሩም ይቆለፍ።
7. መሣሪያው ከቆመ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠበቅ። ኦዞን በጊዜ ብዛት ተመልሶ ኦክሲጅን ይሆናል። ከዚያ በርና መስኮት ተከፍቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ነፋስ ይግባበት። መስኮቱ ከውጭ የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል።
8. በአፍንጫችን አንመን። አፍንጫ ሽታን ይለምድና ዝም ይላል። በሰዓት እንመን። ስል ያለው ሽታ ካለ ግን ሰዓቱ ቢሞላም አንግባ።

በአፍና በአፍንጫ ላይ ጨርቅ ማሰር አቧራን እንጂ ጋዝን አይከለክልም። ሠራተኛው ካሳለው፣ ደረቱ ከታፈነ ወይም ጉሮሮው ካቃጠለው ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሳይሸት የሚገድል ጋዝ

እስካሁን ስለሚሸት ነገር ተነጋገርን። ከሁሉ የከፋው ግን አይሸትም። በብርድ ሌሊት ከሰል በምድጃ አቀጣጥለን በዘጋነው ቤት እንተኛለን። ከሰሉ ውጭ ቀልቶ፣ ጢሱ አልቆ ስለገባ ደህና ይመስለናል። ነገር ግን የቀላ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ መልክ የለውም፤ ሽታም የለውም፤ አያስልም። በደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይወስዳል። ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ዕጣን ቢጨስ፣ የኦዞን መሣሪያ ቢገዛ ይህን ጋዝ አያጠፋልንም። በጎባና በዲንሾ ከፍታ አየሩ ራሱ የሳሳ ስለሆነ አደጋው ይብሳል። መድኃኒቱ አንድ ነው። ከመተኛታችን በፊት ከሰሉ ከነምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ለሙቀት ብርድ ልብስ እንደርብ። እሳት ባለበት ጊዜ ደግሞ በር ወይም መስኮት ገርበብ ይበል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ከሰሉን እንጠርጥር። በሩን በርግደን ሁሉንም ወደ ውጭ እናውጣ። የታመመውን ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል እናድርስ።

እንግዲህ ሦስቱን ነገር እንያዝ። ሽታ ሲኖር ምንጩን እንፈልግ። ሽታን በጋዝ ስናጠፋ ክፍሉን ለጋዙ ለቀን እንውጣ። ሽታ በሌለበት ጊዜም እሳት ካለ አየሩን አንመን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ውስጥ የሚሸት ነገር አለ? ምንጩ ምንድን ነው?
2. የወተት ዕቃ ከመታጠኑ በፊት የሚታጠበው ለምንድን ነው?
3. የአንድ ክፍል ርዝመት 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ቢሆን በውስጡ ከስንት ሚሊግራም በላይ ኦዞን መኖር የለበትም?
4. የሰዓት መቁጠሪያ የሌለው የኦዞን መሣሪያ አደጋው ምንድን ነው?
5. ዛሬ ማታ ከሰሉን ወደ ውጭ የሚያወጣው ማን ነው? ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።