ከአካል ንቅለ ተከላ በኋላ የሚከሰት የአንጀት ብግነት

ከአካል ንቅለ ተከላ በኋላ የሚከሰት የአንጀት ብግነት ኩላሊት፣ ጉበት ወይም ሌላ አካል በተተከለላቸው ሰዎች አንጀት ላይ የሚታይ መቆጣትና መቁሰል ነው። ስሙ አንድ በሽታን ሳይሆን ምልክታቸው የሚመሳሰል በርካታ ሕመሞችን ያመለክታል። ምልክቶቹ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ የክብደት መቀነስና አንዳንድ ጊዜ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ናቸው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በይበልጥ ከኩላሊት ጋር ይያያዛል። የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተከፈተ። ኩላሊቱን የሚለግሰው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ተቀባዩም ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው የመከላከያ አቅምን የሚገቱ መድኃኒቶችን ሳያቋርጥ ይወስዳል።

መንስኤዎች

ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ማይኮፌኖሌት ነው። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሳት እንዳይራቡ ያደርጋል፤ ሆኖም በፍጥነት የሚታደሰውን የአንጀት ሽፋንም ስለሚነካ ተቅማጥና ብግነት ሊያስከትል ይችላል። ሳይቶሜጋሎቫይረስ ደግሞ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሲሆን መከላከያው ሲዳከም ተነሥቶ አንጀትን ያቆስላል። በባዮፕሲ ናሙና ላይ በቫይረሱ የተያዘው ሕዋስ የጉጉት ዓይን ይመስላል።

እንደ ክሮንስ በሽታና አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ያሉት ሕመሞች ከንቅለ ተከላ በኋላ እንደ አዲስ መጀመራቸው ብርቅ ነው። የሚገርመው፣ እነዚህ ሕመሞች ራሳቸው የሚታከሙት መከላከያን በሚገቱ መድኃኒቶች ነው፤ ታማሚው ግን እየወሰዳቸው ሳለ ይይዙታል።

የእርጥብ አገር ጥገኛ ትል

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ የሸካ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ማሻ አካባቢ፣ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ አፈሩም እርጥብ ነው። በእንዲህ ያለ ሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖረው ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። ከሌሎች የአንጀት ትሎች የሚለየው በሰውነት ውስጥ ራሱን እያባዛ ለአሥርተ ዓመታት መቆየት መቻሉ ነው። ፕሬድኒሶሎን ሲታከልበት ያለ ልክ ይራባል፣ የአንጀት ባክቴሪያዎችንም ወደ ደም ይዞ ይገባል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይገድላል። ስለዚህ ሐኪሙ ትሉን ሳያጣራ «የአንጀት ብግነት ነው» ብሎ ፕሬድኒሶሎን ቢጨምር ሕክምናው ራሱ ሊገድል ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ የሰገራ ምርመራም ብዙ ጊዜ ትሉን አያገኘውም። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፤ የሸካና የከፋ ሕዝብ በኦንኮሰርኪያሲስ መከላከያነቱ ለዓመታት ያውቀዋል።

ምርመራና ሕክምና

መጀመሪያ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ስትሮንጂሎይድስ፣ ሳይቶሜጋሎቫይረስና የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ ይጣራሉ፤ ቀጥሎ ኮሎኖስኮፒና ባዮፕሲ ይከተላሉ። መንስኤው ማይኮፌኖሌት ከሆነ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም በሌላ ይተካዋል። ታማሚው በራሱ ፈቃድ ቢያቆመው ግን ከዘመዱ የተሰጠውን ኩላሊት ሊያጣ ይችላል። ተቅማጥ በደም ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን ከፍ ስለሚያደርግና ይህም ኩላሊቱን ስለሚጎዳ፣ ከማሻ ተነሥቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ታማሚ ተቅማጡ ጥቂት ቀናት ሲቆይበት ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ለንቅለ ተከላ ክሊኒኩ መደወል ይኖርበታል።