መኪና ላይ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ

ከደሴ ወልዲያ የሚመላለሰው መኪና ሐይቅ ከተማን ማለፉ ስለማይቀር፣ ለእኛ ለከተማዋ ሞባይል ጠጋኞች መንገደኛ ደንበኛችን ነው። "ቻርጅ አልቀበል አለኝ" ብሎ ይገባል። ከመቼ ጀምሮ ስለው፣ "መኪና ላይ ሰክቼው ነበር" ይለኛል።

ብዙው ሰው የመኪናው ኃይል የጎዳው ይመስለዋል። ከፍቼ ሳየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቻርጅ ማስገቢያው ብየዳ ተሰንጥቆ ነው የማገኘው። ገመዱ ተወጥሮ ስልኩ ሲንጠለጠል፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር ማስገቢያው ይነቀነቃል። ይህ ቀላል ነው፤ ይቀየራል።

የሚያሳስበኝ ርካሹ የመኪና ቻርጀር ነው። ሚኒባሱ 12 ቮልት፣ ቅጥቅጡና ትልልቁ አውቶቡስ ባብዛኛው 24 ቮልት ነው፤ ሞተር ሲሠራ 28 ይደርሳል። ስልክ በተለመደው ቻርጅ የሚፈልገው 5 ቮልት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የምታወርደው የሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካው ትንሿ ዕቃ ናት። ለ12 ብቻ የተሠራችው 24 ላይ ስትሰካ ልትቃጠል ትችላለች። ዝም ብላ ከሞተች እሰየው፤ ኃይሉን እንዳለ ካሳለፈችው ግን ቻርጁን የሚቆጣጠረው ቺፕ (ቻርጂንግ አይሲው) ይሄዳል፣ አንዳንዴም ቦርዱ ይከተላል።

ሙቀትም አለ። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፤ ፀሐይ ያረፈበት ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ያበጠ ባትሪ የስልኩን ጀርባ ገፍቶ ሲከፍተው፣ በጠርዙ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። እንዲህ ያለውን ሱቄ ውስጥም አልሰካም።

ቢሆንም "መኪና ላይ አትሰኩ" አልልም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ ስልኩ ውስጥ ነው። ከውጫሌ ደሴ ለሕክምና የሚሄድ ሰው ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ከጠፋበት መክፈያውም፣ የሚቀበለው ዘመዱም አብረው ይጠፋሉ። በዚያ ላይ መንገዱ የሚያልፍበት አምባሰል ተራራማ ነው፤ ኔትወርክ በደከመበት ሁሉ ስልኩ ታወር ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል። እዚያ ላይ ፍላይት ሞድ ማድረግ ከመሰካት ይሻላል።

ባለንብረቶችና ሾፌሮች፣ 12-24 ቮልት ተብሎ የተጻፈበትን ደህና ቻርጀር ግዙ፤ ለተሳፋሪም ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ስኩለት። ተሳፋሪዎችም ስልካችሁን ከነገመዱ ጭናችሁ ላይ ያዙት፤ ጀርባው ያበጠውን ግን መኪና ውስጥ ሰው መሀል አትሰኩ፤ መጀመሪያ ባትሪውን አስቀይሩ።