የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ኦፕሬተሮች የብቃት ማደሻ ፈተና እና ከፈተናው ግዴታ ነጻ ማድረግ

የብቃት ማደሻ ፈተና በኑክሌር ኃይል ማመንጫ የቁጥጥር ክፍል የሚሠሩ ፈቃድ ያላቸው ኦፕሬተሮች ችሎታቸው እንዳልቀነሰ ለማረጋገጥ በየጊዜው የሚወስዱት ፈተና ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ይህን ግዴታ የሚያስፈጽመው የአገሪቱ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ሲሆን፣ ያው ኮሚሽን በልዩ ሁኔታ አንድን ማመንጫ ወይም ኦፕሬተር ለተወሰነ ጊዜ ከግዴታው ነጻ ሊያደርግ ይችላል።

አመጣጥ

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 በፔንሲልቬንያ ግዛት በስሪ ማይል አይላንድ ማመንጫ ሁለተኛው ሪአክተር ላይ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። በቁጥጥር ሰሌዳው ላይ የነበረው መብራት ግን ቫልቩ እንዲዘጋ ትእዛዝ መላኩን እንጂ በእርግጥ መዘጋቱን አያሳይም ነበር። ኦፕሬተሮቹ ውኃው የበዛ መስሏቸው የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ቀነሱት፤ የሪአክተሩም እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። የሚያሳዝነው፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት በኦሃዮ ግዛት በዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ተመሳሳይ ቫልቭ ተመሳሳይ ችግር አምጥቶ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ለሌሎቹ ኦፕሬተሮች አልደረሰም።

አደጋውን እንዲመረምር በፕሬዚዳንት ካርተር የተሾመውን ኮሚሽን የመራው የሒሳብ ሊቁ ጆን ኬሜኒ ነው (ቤዚክ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከቶማስ ኩርትዝ ጋር የፈጠረው ሰው ነው)። ኮሚሽኑ የኦፕሬተሮች ሥልጠና ደካማ እንደነበረ አጥብቆ ተቸ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የኑክሌር ቆሻሻ ፖሊሲ ሕግ የቁጥጥር ኮሚሽኑ ስለ ሲሙሌተር ሥልጠናና ስለ ብቃት ማደሻ ፈተና ደንብ እንዲያወጣ አዘዘ። በ1987 ተሻሽሎ የወጣው ደንብ የዛሬው ሥርዓት መሠረት ነው።

ግዴታው

ዝርዝሩ የሚገኘው በፌደራል ደንቦች ስብስብ ርዕስ 10፣ ክፍል 55፣ አንቀጽ 55.59 ነው። እያንዳንዱ ኦፕሬተር ከ24 ወር በማይበልጥ ተከታታይ የሥልጠና ዙር ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ ዙር ሲያልቅ ሌላው ወዲያው ይጀምራል። በዙሩ ውስጥ አጠቃላይ የጽሑፍ ፈተና አለ። በየዓመቱ ደግሞ የተግባር ፈተና ይሰጣል። ይህም በአብዛኛው የሚካሄደው በሲሙሌተር፣ ማለትም እውነተኛውን የቁጥጥር ክፍል አስመስሎ በተሠራና የማመንጫውን ጠባይ በኮምፒውተር ሞዴል በሚያሰላ ክፍል ውስጥ ነው። ቡድኑ የቧንቧ መሰበርን ወይም የማቀዝቀዣ ውኃ መጥፋትን የመሰለ ድንገተኛ ችግር ይሰጠውና እንዴት እንደሚቋቋመው ይታያል። እስከ 1994 ድረስ እያንዳንዱ ኦፕሬተር በስድስት ዓመት የፈቃድ ዘመኑ ውስጥ ኮሚሽኑ ራሱ የሚሰጠውን ፈተና ማለፍ ነበረበት፤ ይህ ከተነሣ ወዲህ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅቱ ሲሆን ኮሚሽኑ ይመረምራል።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነጥብ አለ። ፈቃዱ የተሰጠው ለግለሰቡ ስለሆነ ግዴታውም የግለሰቡ ነው። የሥልጠናውን መርሐ ግብር የሚያወጣው ግን አሠሪው ድርጅት ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ፈተናውን በጊዜው መስጠት ካልቻለ፣ ምንም ጥፋት የሌለበት ኦፕሬተር ደንብ ጥሶ ሊገኝ ይችላል። ከግዴታ ነጻ የማድረግ ጥያቄ በአብዛኛው በድርጅቱ በኩል የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጻ ለማድረግ የሚያስፈልጉ መስፈርቶች

ሥልጣኑ የሚመነጨው ከአንቀጽ 55.11 ነው። ኮሚሽኑ ጥያቄ ሲቀርብለት ወይም በራሱ ተነሣሽነት ነጻ ማድረግ የሚችለው ውሳኔው በሕግ የተፈቀደ ሲሆን፣ የሰውን ሕይወትና ንብረት ለአደጋ የማያጋልጥ ሲሆን፣ እንዲሁም ለሕዝብ ጥቅም ሲሆን ነው። ሦስቱም በአንድነት መሟላት አለባቸው። ውሳኔው በጽሑፍ ከነምክንያቱ ይሰጣል፤ ብዙዎቹም ፌደራል ሬጂስተር በተባለው ዕለታዊ የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ታትመዋል። ጋዜጣው በአገራችን ነጋሪት ጋዜጣ ያለውን ዓይነት ሚና ይጫወታል፤ ሆኖም ከሕግና ደንብ ሌላ እንዲህ ያሉ ነጠላ ውሳኔዎችንም ያወጣል።

ነጻ መደረግ ማለት ፈተናው ቀረ ማለት አይደለም። በተለመደው አሠራር የሚፈቀደው የጊዜ ማራዘሚያ ነው፤ አዲሱ ቀን ይወሰናል፣ እስከዚያ ድረስ መደበኛው ሥልጠና ይቀጥላል። ፈተና የወደቀ ሰውም በዚህ በር አይገባም። እርሱ ከፈቃድ ሥራው ተነሥቶ፣ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ እንደገና መፈተን አለበት። አንቀጽ 55.47 ላይ ያለው ለአዲስ አመልካች የመጀመሪያውን ፈተና የማስቀረት ሥልጣንም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ የሚመለከተው በተመሳሳይ ማመንጫ በቂ ልምድ ያለውን ሰው ነው።

ምክንያቶችና ክርክሩ

ለማራዘሚያ ከሚቀርቡ ምክንያቶች አንዱ ነዳጅ ለመቀየር ሪአክተሩ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ልምድ ያላቸው ኦፕሬተሮች በሙሉ በሥራ ይጠመዳሉ፤ የፈተናው ጊዜም ከዚያ ጋር ሊገጣጠም ይችላል። ከሁሉ ሰፊው አጋጣሚ ግን የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ነበር። በሲሙሌተር ፈተና ኦፕሬተሮች፣ አሠልጣኞችና ፈታኞች በአንድ ክፍል ተጠጋግተው ለሰዓታት ይቆያሉ። አንድ ሰው ቢታመም መላው ቡድን ሊገለል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተለያዩ ማመንጫዎች ማራዘሚያ ጠየቁ፤ ኮሚሽኑም ፈቀደ። በዚያው ወቅት የሠራተኞችን የሥራ ሰዓት ከሚገድበው ደንብም ለጊዜው ነጻ ያደረጋቸው ማመንጫዎች ነበሩ።

የውሳኔው ክብደት የሚታየው ከሌላ ደንብ ጋር ሲነጻጸር ነው። አንድ ሪአክተር ብቻ ያለው ማመንጫ በሥራ ላይ ሳለ በእያንዳንዱ ፈረቃ ቢያንስ ሁለት ከፍተኛ ኦፕሬተሮችና ሁለት ኦፕሬተሮች ሊኖሩት ይገባል። እነዚህን ሰዎች ከገበያ ተነሥቶ መተካት አይቻልም፤ ፈቃዳቸው ለዚያው ማመንጫ የተሰጠ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ የፈተና ቀን ስላለፈባቸው ብቻ ቢነሡ፣ ለደኅንነት የወጣው ደንብ ራሱ የቁጥጥር ክፍሉን ሰው አልባ ሊያደርግ ነው። በሌላ በኩል ችሎታ ካልተለማመዱት ይጠፋል። ማመንጫ በሰላም ሲሠራ ኦፕሬተሩ ከባድ አደጋ አያይም፤ የማቀዝቀዣ መጥፋትን የሚለማመደው በሲሙሌተር ብቻ ነው። ስለዚህ የጥቂት ወራት ማራዘሚያ አንድ ጊዜ ሲሆንና ሲደጋገም እኩል አይደለም። ጠያቂው ድርጅት ለምን ቀኑን እንዳልጠበቀ ብቻ ሳይሆን በመሀሉ ኦፕሬተሮቹ ምን ሲሠለጥኑ እንደቆዩ ማስረዳት ያለበት ለዚህ ነው።

የምርምር ሪአክተሮች

በዩኒቨርሲቲዎች ያሉ አነስተኛ የምርምር ሪአክተሮች ነጻ የማድረግ ውሳኔ ሳያስፈልጋቸው ደንቡ ራሱ ላላ ያደርግላቸዋል፤ የሥልጠና ዙራቸው ከትልልቆቹ ጋር በጥቅሉ መመሳሰል እንጂ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። በኦሬገን ግዛት በሪድ ኮሌጅ ሪአክተሩን ከሚያንቀሳቅሱት ፈቃድ ያላቸው ኦፕሬተሮች መካከል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ይገኛሉ፤ እነርሱም እንደማንኛውም ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር ብቃታቸውን ማደስ ይጠበቅባቸዋል።