በባትሪ ሥራ ቤት የሚገኘው የእርሳስ ብናኝና የሠራተኛው ጤና

እርሳስ ሰው ከጥንት ዠምሮ ከሚያውቃቸው ማዕድኖች አንዱ ነው። በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ሲቀጠቅጡትም የለዘበ ነው። ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ የእርሳስ ኦክሳይድ የተባለውን ብጫ ወይም ቀይ ዱቄት ይሰጣል። ይህ ዱቄት ለብርጭቆ፣ ለሸክላ ዕቃ ልባጥና ዝገትን ለሚከላከል ቀይ ቀለም ሲያገለግል ኖሯል፤ ዛሬ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ለመኪና ባትሪ ሥራ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ዱቄቱ ሠራተኛውን በምን መንገድ እንደሚጎዳና ጕዳቱን የመከላከል ተቀዳሚው ግዴታ የማን እንደ ሆነ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በባትሪ ፋብሪካ ዱቄቱ ከውሃና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ተለውሶ በፍርግርግ የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ይለጠፋል። ሊጡ እርጥብ ሳለ ብናኝ አይነሣም። አደጋው የሚበረታው ደረቁ ዱቄት ሲመዘንና ሲገለበጥ፣ የደረቁት ሰሌዳዎች ሲፋቁና ሲደረደሩ፣ ወለሉም በደረቁ ሲጠረግ ነው። አሮጌ ባትሪ በሚፈታበት ሥራ ቤትም ነገሩ ያው ነው፤ ከሰሌዳዎቹ የሚረግፈው ጭቃ ሲደርቅ የእርሳስ ውሁዶችን የያዘ ትቢያ ይሆናል።

በሳንባ የገባ ደቃቅ ብናኝ ወደ ደም ያልፋል፤ ከደምም አብዛኛው በአጥንት ውስጥ ተከማችቶ ለብዙ ዓመታት ይቈያል። የመመረዙ ምልክቶች ቀስ በቀስ ይመጣሉ፤ ይኸውም ድካም፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ቍርጠትና ድርቀት፣ የደም ማነስ ነው። ሲብስ ነርቭ ተጎድቶ የእጅ አንጓ ይዝላል፤ ኵላሊትም ይታወካል፤ የደም ግፊት ይጨምራል። እርጉዝ ሴት በምትሠራበት ጊዜ መርዙ ወደ ፅንሱ ያልፋል።

ቀድሞ ብዙ አሠሪዎች ሠራተኛው የታመመው እጁን ሳይታጠብ ስለ በላ ነው ይሉ ነበር። ይህ አባባል ጥፋቱን ሁሉ በሠራተኛው ላይ የሚጥል ነው። ዳሩ ግን በ1898 በብሪታንያ የፋብሪካዎች የመዠመሪያው የሕክምና ተቈጣጣሪ የሆኑት ዶክተር ቶማስ ሌግ ዋናው የመመረዝ መንገድ በትንፋሽ የሚገባው ብናኝና ጢስ መሆኑን አስረዱ። በ1910 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ምርመራ የዠመሩት ዶክተር አሊስ ሃሚልተንም ከዚሁ ሐሳብ ላይ ደረሱ፤ በማግሥቱ ዓመትም ግዛቲቱ ስለ ሥራ በሽታዎች ሕግ አወጣች። ሰው እጁን መታጠብ ይችላል፤ የሚተነፍሰውን አየር ግን መርጦ መተንፈስ አይችልም። አየሩን ማጽዳት የሚችለው የሥራ ቤቱ ባለቤት ነው።

የነገሩን ክብደት በቍጥር እንመልከተው። የአሜሪካ መንግሥት በ1978 ባወጣው ደንብ በ8 ሰዓት ሥራ ውስጥ የአየሩ እርሳስ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ ከ50 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። አንድ ግራም እርሳስ ቢበተን 20,000 ሜትር ኩብ አየር እስከዚህ ወሰን ያደርሳል ማለት ነው። ወርዱና ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል 100 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ፣ አንዲት ግራም ለ200 እንዲህ ላሉ ክፍሎች ትበቃለች። ስለዚህም ብናኙ በዐይን ካልታየ አደጋ የለም ማለት ስሕተት ነው።

መከላከያው በቅደም ተከተል ሊሠራ ይገባዋል። አንደኛ፣ ዱቄቱ የሚገለበጥበት ሥራ በተዘጋ መሣሪያ ውስጥ ይሁን። ሁለተኛ፣ ብናኙ ከሚነሣበት ስፍራ አጠገብ አየር የሚስብ ማራገቢያ ከማጣሪያ ጋር ይተከል። ሦስተኛ፣ ወለሉ በውሃ እየራሰ ይጽዳ፤ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግና በተጨመቀ አየር መንፋት ክልክል ይሁን። አራተኛ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሚተርፈው ብናኝ ተገቢው ማጣሪያ ያለውና ከፊት ጋር የሚገጥም የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ይሰጥ፤ ተራ ጨርቅ ግን ደቃቁን ብናኝ አያግድም። አምስተኛ፣ መብልና ሲጋራ ከሥራው ክፍል ይራቁ፤ የሠራተኛውም ደም በየጊዜው ይመርመር። ወተት መጠጣት መርዙን ያወጣል የሚባለው እምነት እውነት አይደለም። ወተት ምግብ ነው፤ ከአጥንት እርሳስን አያስለቅቅም።

ቱታውም በሥራ ቤት ይቅር፤ ሠራተኛው ታጥቦ ልብሱን ለውጦ ይሂድ፤ አለዚያ ብናኙ ወደ ልጆቹ ይደርሳል። ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ እርሳስን በብዛት ወደ ደሙ ያስገባል፤ አእምሮውም በማደግ ላይ ስለ ሆነ ጕዳቱ የከፋ ነው። በዳካር ከተማ አጠገብ በምትገኘው በቲያሮዬ ሱር ሜር አሮጌ ባትሪ በየግቢው ሲፈታ ኖሮ፣ እርሳስ የተቀላቀለበት አፈር ለሽያጭ ሲበጠር፣ ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ድረስ 18 ሕፃናት ሞቱ። እነዚህ ሕፃናት የደመወዝ ሠራተኞች አልነበሩም።

በአገራችንም ባትሪ የሚያድሱና እርሳስ የሚያቀልጡ ትንንሽ ሥራ ቤቶች በከተሞች ይገኛሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 (ይህ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) አሠሪው ለሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳና የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያዛል። ነገር ግን ሕጉን የሚፈጽም ሰው አስቀድሞ የአደጋውን መንገድ ማወቅ ያስፈልገዋል። ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም የፋብሪካ ተቈጣጣሪ የምንሆን ተማሪዎች ወደ እንዲህ ያለ ሥራ ቤት ስንገባ፣ ሠራተኛውን «እጅህን ታጥበሃል ወይ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ባለቤቱን «ብናኙ የሚወጣው በየት በኩል ነው?» ብለን እንጠይቅ።