መስቀል ሲደርስ ቤት ይታደሳል፤ የሥራ ዕቃስ?

በጉራጌ አገር መስቀል ሲቃረብ ቤት እንደ አምናው ሆኖ በዓሉን አይቀበልም። ግድግዳው ይለቀለቃል፤ ጣባው ይታጠባል፤ የተሰበረው በአዲስ ይተካል፤ በአዲስ አበባና በሌላውም ከተማ በንግድ የተሠማራው ልጅ ወደ ትውልድ ቀዬው ሲገባ የሚቆየው የታደሰ ቤት ነው። ቤቱ አምና ታድሷልና ዘንድሮ ይቅር የሚል ሰው አይገኝም። ዓመት የራሱን ጥቀርሻ ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው በወልቂጤና የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው በቡታጅራ ላፕቶፑን ዘርግቶ የእጅ ስልክ አፕ የሚሠራ ወጣት ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በወልቂጤ አቅራቢያ በጉብርዬ የሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የኮምፒዩተርን ዕውቀት ቀስመው የወጡ ወጣቶች አሉ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠናም ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ የአንድሮይድ አፕ አሠራር ነው። ዕውቀቱ እንግዲህ እየመጣ ነው። ዕውቀቱ የሚሠራበት ዕቃ ግን እንደ መስቀል ቤት በየዓመቱ መታደስ እንዳለበት ብዙዎቻችን ገና ልብ አላልንም።

የአፕ ሠሪ የሥራ ዕቃ ምንድን ነው? አናጢ መጋዙን፣ መዶሻውንና መላጊያውን በአንድ ሣጥን እንደሚይዝ ሁሉ አፕ ሠሪውም የራሱ ሣጥን አለው። በውስጡም አንድሮይድ ስቱዲዮ የተባለው መጻፊያና መሞከሪያ፤ ኮትሊን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፤ የተበታተነውን ክፍል ሁሉ የሚገጣጥመው ግሬድል፤ ከእያንዳንዱ የአንድሮይድ እትም ጋር የሚወጣው ኤስዲኬ ይገኛሉ። በኮትሊን ፈንታ ፍላተር በተባለው የሚሠራም አለ። የአናጢው መጋዝ ሃያ ዓመት ቢቀመጥም ከተሞረደ ያው መጋዝ ነው፤ እንጨቱም ያው እንጨት ነው። ለአፕ ሠሪው ግን እንጨቱ ራሱ በየዓመቱ ይለወጥበታል። ስልኩ ይለወጣል፤ የገበያው ደንብ ይለወጣል፤ ፊደሉም እንኳ ይጨመራል።

ፊደል ይጨመራል ስንል አንባቢ ይገረም ይሆናል። በቡታጅራ የገጠመንን እንንገራችሁ። አንድ ወጣት የሰፈሩ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፊደል የሚቆጥሩበት አፕ ሠራ። በራሱ አዲስ ስልክ ላይ መልካም ሆኖ ታየው። ደስ ቢለው ለጎረቤቱ፣ ለአንዲት ባለ ሱቅ እናት ስልክ ላይ ጭኖ አሳያቸው። እናቲቱም ስልኩን ከዐይናቸው አራቅ አድርገው ከተመለከቱ በኋላ፤

«ምነው ልጄ፤ ፊደሉን ሣጥን ውስጥ ቆለፍክበትሳ?» አሉት።

እውነትም ከፊደሎቹ አያሌዎቹ ባዶ አራት ማዕዘን ሆነው ቀርተዋል። ወጣቱ አፍሮ፤

«እትዬ፤ ስልክዎ አሮጌ ሆኖ ነው» ቢላቸው፤

«ስልኬ አማርኛውን አንድ ሳያስቀር ያሳየኛል። የኛ ቋንቋ ሲሆን ነው እንዴ የሚያረጀው?» ብለው መለሱለት።

የእኒህ እናት ጥያቄ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገሩ ከውስጡ ነው። ኮምፒዩተርም ሆነ ስልክ ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ዩኒኮድ ይባላል። የግዕዝ ፊደል በዚህ መዝገብ የገባው በ1999 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ይሁን እንጂ ጉራጊኛ በአማርኛ ፊደል ብቻ የማይያዙ ድምፆች አሉት። ስለዚህም በ2005 በዚያው አቆጣጠር ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያገለግሉ 16 ፊደሎች ተጨመሩ። ከዚያም በኋላ መስከረም 4 ቀን 2014 ዓ.ም.፤ ይኸውም ለመስቀል ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፤ 14ኛው የዩኒኮድ እትም ሲወጣ ለጉራጊኛ ቋንቋዎች 28 ተጨማሪ ፊደሎች ቁጥር አገኙ።

እንግዲህ ከዚያች ቀን በፊት የተሠራ የሥራ ዕቃ እነዚህን 28 ፊደሎች አያውቃቸውም። ፎንቱ፤ ማለት የፊደሉን መልክ የያዘው ፋይል፤ አሮጌ ከሆነ ባለ ሱቋ እናት እንዳሉት ሣጥን ብቻ ያሳያል። ሌላም ችግር አለ። የአዲሶቹ ፊደሎች ቁጥር የሚጀምረው ከ124,896 ነው። ከድሮ ጀምሮ ብዙ ፕሮግራሞች ፊደልን የሚያስቀምጡበት አንዱ ክፍል ግን ከ65,536 በላይ ቁጥር መለየት ስለማይችል አንዱ የጉራጊኛ ፊደል ሁለት ክፍል ይይዛል። ይህን ያላወቀ ፕሮግራም አንድ ፊደል አጥፋ ሲሉት ግማሹን አጥፍቶ ግማሹን ይተወዋል፤ የቃልንም ርዝመት ሲቆጥር ይሳሳታል። ለአማርኛ ተብሎ የተጻፈውን አሠራር እንዳለ ወደ ጉራጊኛ ያመጣ ሠሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የገበያ ደንብ ነው። ጉግል ፕሌይ የተባለው የአፕ ገበያ ከ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ መስፈርት ያወጣል። ከነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አፕ ወይም የታደሰ አፕ ለገበያው የሚያቀርብ ሰው ለአንድሮይድ 15 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነው እትም እንዲስማማ አድርጎ መሥራት ይኖርበታል። ሳይታደስ ብዙ የቆየ አፕም ቀድሞ የጫነው ሰው ቢጠቀምበትም፤ አዲስ ስልክ የገዛ አዲስ ተጠቃሚ በገበያው ውስጥ ፈልጎ አያገኘውም። አፕ አይሞትም፤ ነገር ግን እንደ ተዘጋ ሱቅ ሰው ሳያየው ያልፋል።

ሦስተኛው የግምጃ ቤት ነገር ነው። አፕ ሠሪ ሁሉንም ነገር ከራሱ አይፈጥርም፤ ሌሎች የሠሯቸውን ክፍሎች ከሕዝብ ግምጃ ቤት በኢንተርኔት እያመጣ ይገጥማል። ጄሴንተር የተባለው ትልቅ ግምጃ ቤት ሊዘጋ መሆኑን ባለቤቱ ኩባንያ በ2013 ዓ.ም. አስታወቀ። በዚያን ጊዜ አድራሻውን ያልለወጠ ሠሪ፤ ከዓመታት በኋላ ያንኑ የመመረቂያ ሥራውን ለቀጣሪ ለማሳየት ሲከፍት፤ ግሬድሉ የጎደለውን ክፍል እየፈለገ ይቆማል። በዕቃው አለመታደስ ብቻ የአራት ዓመት ድካም ማስረጃ ሳያገኝ ይቀራል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። «የሚሠራውን ምን አስነካኝ?» የሚለው ወጣት ከንቱ ፈሪ አይደለም። ማደስ አንዳንድ ጊዜ ያፈርሳል። በ2015 ዓ.ም. የፍላተር ቋንቋ የሆነው ዳርት ሦስተኛ እትሙ ሲወጣ በቀድሞው ልማድ የተጻፈውን ኮድ አልቀበልም በማለቱ ያልተዘጋጀ ሠሪ ኮዱን ከሥሩ ለማረም ተገድዷል። ደግሞም አንድሮይድ ስቱዲዮ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ኤስዲኬውና በኮምፒዩተር ውስጥ የሚከፈተው የሙከራ ስልክ ሲጨመሩበት ብዙ ጊጋባይት ይሆናል። የኢንተርኔት ፓኬጅ ከኪሱ ለሚገዛ፤ መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ወጣት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ስለዚህ መፍትሔው በዘፈቀደ ማደስ ሳይሆን በሥርዓት ማደስ ነው እንላለን። ሥርዓቱም የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ፤ ከማደስ በፊት የሥራው ቅጂ ጊት በተባለው መዝገብና በሌላ ዲስክ ይቀመጥ። ቢበላሽ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል።

ሁለተኛ፤ የእያንዳንዱ ዕቃ የእትም ቁጥር በጽሑፍ ይያዝ። አብረው የሚሠሩ ሰዎች አንዱ በአዲስ ሌላው በአሮጌ እትም ሲሠሩ ውለው ጥፋቱን እርስ በርስ ከመወራወር ይድናሉ።

ሦስተኛ፤ አንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ይታደስ። የለውጡ ማስታወሻ ይነበብ፤ ዕቃው ይታደስ፤ አፑ ይሞከር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሚቀጥለው ይታለፍ። ሁሉን በአንድ ሌሊት ያደሰ ሰው ያፈረሰው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም።

አራተኛ፤ ሙከራው በአሮጌ ስልክም ላይ ይሁን። የሠሪው ዕቃ ቢታደስም የደንበኛው ስልክ አብሮ አይታደስም። በመሆኑም ለጉራጊኛ የሚሠራ አፕ አዲሶቹን ፊደሎች የያዘውን ፎንት በውስጡ ይዞ መሄድ አለበት እንጂ ስልኩ ፎንት ይኖረዋል ብሎ መተማመን አይገባውም።

አምስተኛ፤ ወጪውን በኅብረት መቻል ነው። በንግድ የታወቀው የአገሩ ሰው ዕቁብን አሳምሮ ያውቃል። አሥር ወጣቶች በተራ ፓኬጅ እየገዙ አንዱ ያወረደውን በሀርድ ዲስክ ቢካፈሉ የአሥር ሰው ወጪ የአንድ ሰው ይሆናል። ነገር ግን ከባለቤቱ ገጽ ብቻ ይወርድ፤ ባለቤቱም ከፋይሉ ጋር የሚያወጣው የማረጋገጫ ቁጥር ይመሳከር። ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ቫይረስም አብሮ ይዞራልና።

ጊዜውስ መቼ ይሁን ቢሉ፤ የደኅንነት እርማት እንደ ወጣ ወዲያው፤ ትልቁ ዕድሳት ግን በዓመት አንድ ጊዜ፤ ያውም በነሐሴ ቢሆን መልካም ነው። እስካሁን እንደታየው የገበያው ደንብ የሚጸናው በነሐሴ አካባቢ ነው፤ ቤትም ለመስቀል መሰናዳት የሚጀምረው ከዚያው ቀጥሎ ነው።

የቡታጅራው ወጣት የሥራ ዕቃውን አድሶ፣ ፎንቱን ከአፑ ጋር አስገብቶ፣ እንደገና ወደ ባለ ሱቋ እናት መመለሱን ሰምተናል። ያው አሮጌ ስልካቸው ፊደሎቹን አንድም ሳያስቀር አሳያቸው። እናቲቱም፤ «እንግዲህ ቁልፉ አንተው ዘንድ ነበር» አሉት ይባላል።

አንድ ፊደል በዓለም መዝገብ ውስጥ ቁጥር ለማግኘት ስንት ዓመት እንደፈጀ ከዚህ በላይ አይተናል። ከዚያ ሁሉ በኋላ በገዛ አገሩ ስልክ ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ እንዳይቀር መጠበቅ የወልቂጤና የቡታጅራ ወጣቶች ድርሻ ነው። ለበዓል ቤታችንን የምናድስ ሰዎች ልጆቻችን ፊደል የሚቆጥሩበትን ዕቃ ሳናድስ ዓመት ልናሳልፍ አይገባንም።