በቀድሞ ሠዓልያን ሥርዓት ቤተ ሰብን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ፎቶግራፍ ማንሣት ለሁሉ ከቀለለ ወዲህ ሥዕሉ በዝቶ መታሰቢያው አንሷል። በቦሌ ቡልቡላ አዲስ ቤት ከገቡት ቤተ ሰቦች መካከል፥ ስልኩ በፎቶግራፍ ተሞልቶ ሳለ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ አንድ የአያት ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ የሌለው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከቀድሞ ሠዓልያኖቻችን ሥርዓት ለዚህ ጕዳይ የሚረዳውን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1974 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በአዲስ አበባ የተወለዱት ፎቶግራፍ አንሺ ወይዘሮ አይዳ ሙሉነህ፥ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚታየውን ያልተደባለቀ ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም በፎቶግራፋቸው እያዋሉ በዓለም ታውቀዋል። በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ትርኢት በከተማችን መሥርተዋል። «ዓለም ዘጠኝ ናት» ለሚለው ሥራቸውም ስሙን ያገኙት ከአያታቸው አባባል ነው።

መጀመሪያው ሥርዓት የዓይን ነው። የቀድሞው ሠዓሊ ደጉን ሰው ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ፊት ለፊት፥ ክፉውን ግን በጐኑ ባንድ ዓይን ይሥለዋል። እንግዲህ ሁሉም ወደ ማንሻው ቀጥ ብሎ ይመልከት፤ ፊቱን ወደ ሌላ የመለሰ ልጅ ቢኖር ከማን ወገን እንደሚቈጠር ይነገረው።

ሁለተኛው የብርሃን ነው። በጥንቱ ሥዕል ከሰው ኋላ የሚወድቅ ጥላ አይታይም። ስለዚህ ፀሓይ በቀጥታ በማትገባበት ሰፊ መስኮት ፊት፥ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብሎ መቀመጥ ይገባል፤ ፍላሽም አያስፈልግም።

ሦስተኛው የመደብ ነው። በጐንደር ዘመን ሥዕል ኋለኛው መደብ ብዙ ጊዜ ቢጫ፥ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነው። እንዲህ ያለ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ከኋላ ቢዘረጋ ነጭ ነጠላ ደምቆ ይታያል።

አራተኛው የማዕርግ ነው። በጣና ሐይቅ ባለችው በናርጋ ሥላሴ፥ ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ዝቅ ማለታቸውም ክብራቸውን አልቀነሰውም። በቤታችንም አያት ከመካከል ከፍ ባለ ወንበር ይቀመጡ፤ ልጆች ከሥር ይሁኑ። ነገር ግን የቅዱሳንን አክሊልና የእጅ ምልክት ለራስ ማድረግ አይገባም፤ የምንወስደው የአሣሣሉን ሥርዓት ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ፎቶግራፉ በወረቀት ይታተም፤ የእያንዳንዱ ስምና ዓመተ ምሕረቱም በጀርባው ይጻፍ። ይህም ሁሉ አያት በሕይወት ሳሉ፥ የልጆቹን ስም ራሳቸው እየጠሩ ቢፈጸም ይሻላል።